የፍሬን ቱቦ ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ የወረደ ሰው መንገዱን በቶሎ አይረሳውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ሐይቅ ከተማ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ። እንግዲህ መኪናው በሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ውስጥ ኩርባውን እየዞረ 500 ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፤ ተማሪ ከሆኑ እርሳስዎን አንሥተው ያስሉት። ከነተሳፋሪው 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 4.9 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 15 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይካፈሉታል፤ የቀረውን የሚውጠው ፍሬኑ ነው።

ስለ ፍሬን ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሸራው ነው፤ ሸራው አለቀ፣ ሸራው ተቀየረ ይባላል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ከሾፌሩ እግር አጠገብ ተነሥቶ እስከ ጎማው ድረስ ስለሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ላይ ውፍረቱ 4.75 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ከእርሳስ ያነሰ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪናውን በየሳምንቱ የሚያጥብ ባለቤት እንኳ ቱቦውን ዐይቶት አያውቅም።

በአውሮፓ የስድሳ ዓመት መኪና የሚይዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ለጌጥ ይይዛታል፤ ፀሐይ ስትወጣ በእሑድ አውጥቶ ያሳያታል። በእኛ አገር ግን የስድሳ ዓመቷ ቮልስ ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ባለቤቷን ቢሮ ወስዳ፣ ቅዳሜ ደግሞ ለቅሶ ትደርሳለች። ጀርመን አገር ይህችን መኪና መሥራት የተወው በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ላዳውም ቢሆን ከሶቪየት ኅብረት የመጣ አዛውንት ሆኗል። በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። መያዙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲይዛት ሆዷንም ይይ።

ቱቦው ምን ያህል እንደሚሸከም ለመረዳት ወደ ፓስካል መመለስ ያስፈልጋል። ብሌዝ ፓስካል ከ1623 እስከ 1662 እ.ኤ.አ. የኖረ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት፣ ግፊቱ ሳይጎድል ወደ ሁሉም ወገን እኩል እንደሚደርስ ያስተማረን እርሱ ነው። አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሾፌሩ ፔዳሉን በ30 ኪሎ ግራም ኃይል ረገጠ እንበል፤ ፔዳሉ እንደ ዘንግ ሆኖ ኃይሉን አምስት እጥፍ ያበዛዋል እንበል። በፍሬኑ ማስተር ውስጥ ባለው ፒስተን ላይ 150 ኪሎ ግራም ይጫናል። የፒስተኑ ዲያሜትር 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ገጹ 2.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 53 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት አለ። በመኪናዎ ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ያ ግፊት በጎማው ዘንድ 22 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሌላ ፒስተን ሲያገኝ በ200 ኪሎ ግራም ኃይል ሸራውን ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል። ሠላሳው ኪሎ ሁለት መቶ ሆኖ ወጣ፤ ያውም በየጎማው። እኔ ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ትርፉ ከየት መጣ ብለው ይከራከሩኛል። ትርፍ የለም፤ የሾፌሩ እግር ብዙ ተጉዞ ሸራው ጥቂት ስለሚጓዝ ነው።

መኪና በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ሲገባ ፍሬኑ የሚሠራው በብረት ዘንግና በገመድ ነበር። ለአራቱም ጎማ የፈሳሽ ፍሬን ያለው የመንገድ መኪና ያወጣው ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም 1921 እ.ኤ.አ. ነው። ቮልስ ወደ ውጭ ለምትሸጠው ዐይነቷ ይህን ያገኘችው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር። ነገር ግን እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የተሠሩት መኪናዎች አብዛኞቹ ያላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከማስተሩ የወጣው ፈሳሽ ለአራቱም ጎማ የሚከፋፈለው ከአንድ ምንጭ ስለሆነ፣ አንዱ ቱቦ በአንድ ስፍራ ቢቀደድ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣሉ። በኋላ የመጡት መኪናዎች ሁለት መስመር ስላላቸው አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል።

ቱቦውን የሚበላው ጭቃና የመንገድ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥም ይበላል። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከሞተር ዘይት ወገን አይደለም፤ እንደ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ያ እርጥበት በዓመታት ውስጥ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ ሆኖ የተሠራ ነው፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሙቀት በቀላሉ ያደርሰዋል። ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፤ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በቁልቁለት ዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ የሚሉት የጥንት ሾፌሮች ፊዚክስ ሳይማሩ ፊዚክስ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ልውሰድዎ። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ወዳጄ ከአባቱ የወረሳት ቮልስ አለችው። ባለፈው ኅዳር 26 ቀን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል፣ እናቱን ይዞ ወደ ገዳሙ ሲሄድ እኔም ተከተልሁ። ለመምህር ይህ ስፍራ የተለየ ነገር አለው፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ስመ ጥር ነበርና። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ በደኅና ወረድን። ከከተማው ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ግን ድንጋያማ ነው፤ ከሆዳችን ሥር አንድ ሁለት ጊዜ ጓ ሲል ሰማን፤ ወዳጄም ቮልስ ጠንካራ ናት አለ። በገዳሙ አጠገብ ወደ ሐይቁ ዘንበል ባለ ስፍራ ላይ አቆማት። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እናቱ ነጠላቸውን ተከናንበው መኪናው ውስጥ ቀሩ፤ እኛ ገባን።

ስንመለስ እማማ ከመኪናው ወርደው ቆመዋል። «ልጄ፣ ከሥር የሚንጠባጠበው ምንድር ነው?» አሉት። ወዳጄ ገብቶ ፔዳሉን ቢረግጠው እስከ ወለሉ ወረደ። እርሳቸው በውስጧ ተቀምጠው ሳሉ መኪናይቱን በዚያ ቁልቁለት ላይ ይዟት የነበረው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነበር። የእጅ ፍሬን በቮልስ ላይ በሽቦ ገመድ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዝ ስለሆነ ፈሳሹ ቢያልቅም ይሠራል፤ ወዳጄም ከልማድ ጎትቶት ነበር። እኔ ወዲያው ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ከጎማው ሥር አስገባሁ።

ከሥሯ ተንጋልለን ስናይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት አንድ ጋራዥ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ ለውጦለት ነበር። በቮልስ ላይ ይህ ረጅም ቱቦ የሚሄደው በመኪናው ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ በመካከል የሚያልፈውን ወገብ ተጠግቶ ነው፤ ፋብሪካው ይህን ያደረገው ድንጋይ እንዳያገኘው ብሎ ነው። ጠጋኙ ግን ምንጣፍ ማንሣቱ ስለ ከበደው ከማቀዝቀዣ የወጣ የሚመስል የመዳብ ቱቦ ወስዶ፣ ከፊት እስከ ኋላ በሆዷ ሥር ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ በሁለት ስፍራ በሽቦ አስሮታል። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው እርሱ ስለነበረ መጀመሪያ ድንጋይ ያገኘው እርሱን ነው። ገንዘቡን ግን የተቀበለው እንደ ሙሉ ሥራ ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

በሐይቅ ከተማ ያገኘነው ወጣት መካኒክ ጨዋ ሰው ነበር። ወዳጄ ቱቦውን በመዶሻ ጨፍልቀህ ዝጋልኝና በፊት ጎማዎቹ ፍሬን ደሴ ልግባ ብሎ ቢለምነው፣ «ወንድሜ፣ እናትህን ይዘህ አይሆንም» አለው። ከዚያም ምንጣፉን ገለጠ፤ የጥንቱ ቱቦ የተያዘባቸው ትንንሽ የላሜራ ምላሶች በየስፍራቸው ነበሩ። አንድ ለስላሳ ሽቦ አምጥቶ ከማስተሩ ጀምሮ በነዚያ ምላሶች ላይ እያስተኛ፣ ኩርባ ባለበት እያጎበጠ፣ እስከ ኋላው መገናኛ ወሰደው። ሽቦውን ሳያበላሽ አወጣና በሁለቱ ጫፍ ላይ የትኛው ዳዶ እንደሚገባ በወረቀት ጽፎ አሰረበት። ያ ሽቦ በማግሥቱ ማለዳ በሚኒባስ ደሴ ሄደ፤ ከቀትር በኋላ ያንኑ መልክ የያዘ አዲስ ቱቦ መጣልን። እኛም እዚያው አደርን፤ ጾም ስለ ነበረ ሽሮ በላን። ቱቦው ሲገባ አንድ ስፍራ እንኳ በእጅ መግፋት አላስፈለገም።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያ ወጣት ሲሠራ ያየሁትንና ከመጽሐፍ ያነበብሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ራስዎ ባይሠሩትም፣ የሚሠራልዎትን ሰው ቆመው ሲያዩት ምን ማየት እንዳለብዎ ያውቃሉ።

አሮጌውን ቱቦ በጥንቃቄ ሳይቆርጡ ማውጣት ይበልጣል፤ ለአዲሱ ከእርሱ የተሻለ አርአያ የለምና። ዳዶው ዝጎ እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብቶ ማሳደር ነው። አፉ ክፍት የሆነ መፍቻ የዳዶውን ጠርዝ ይልጠዋል፤ ዙሪያውን ከብቦ የሚይዝ፣ ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ያለው መፍቻ አለ፤ እርሱን መጠቀም ይገባል።

ስለ ቱቦው ዐይነት አልከራከርም፤ ንጹሕ መዳብ አይሁን። መዳብ ለእጅ ይመቻል፤ ሲታጠፍ እንደ ሰም ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል፤ ጠጋኞች የሚወዱት ለዚህ ነው። ነገር ግን በመኪናው መንቀጥቀጥ እየደረቀ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ከዳዶው አጠገብ ይሰነጠቃል። ወይ ፋብሪካው የሚጠቀምበት ዐይነት ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ የተበየደ የብረት ቱቦ፣ ወይም 10 በመቶ ያህል ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብ ይፈለግ። ይህ ሁለተኛው አይዝግም፤ ለማጉበጥም ቀላል ነው፤ ቮልቮ ኩባንያ በመኪናዎቹ ላይ ማድረግ የጀመረው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ቱቦ በሴጌቶ ሲቆረጥ ጫፉ ይሸራረፋል፤ ብናኙም ወደ ውስጥ ይገባል። እየዞረ የሚቆርጥ ትንሽ የቱቦ መቁረጫ አለ፤ ከዚያ በኋላ የውስጡን ጠርዝ መሞረድና በአየር መንፋት ነው። (ሴጌቶ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ጣልያንኛ የሆነው መንገዱንና መኪናውን በብዛት ይዘው የመጡት ጣልያኖች ስለ ነበሩ ነው። ሰዎቹ በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፉ ቃሎቻቸው ጋራዥ ውስጥ ቀሩ።) ቀጥሎ የቱቦው አፍ ይሰፋል። ከዚህ በፊት ግን ዳዶው በቱቦው ላይ መግባት አለበት። ይህን መናገሬ ሊያስቅዎ ይችላል፤ ነገር ግን አፉን አሳምሮ ካሰፋ በኋላ ዳዶውን በእጁ ይዞ የሚቆም ጀማሪ በየጋራዡ አለ፤ ያን ጊዜ እንደ ገና መቁረጥ ነው። አፉ ራሱ ሁለት ዐይነት ነው። የጀርመኖቹ እንደ እንጉዳይ ራስ ድፍን ብሎ ይወጣል፤ የአሜሪካኖቹና የብዙዎቹ እንግሊዞች ደግሞ እንደ ጡሩምባ ተከፍቶ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አንዱ በሌላው መቀመጫ ላይ ቢታሰር የገባ ይመስላል፤ 53 ኪሎ ግራም ሲመጣበት ግን ያለቅሳል።

ማጉበጡ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጥቅል የተገዛ ቱቦ አስቀድሞ በጠረጴዛ ላይ በሳንቃ ሥር እየተንከባለለ ይቃና። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እያንዳንዱን ኩርባ ከሽቦው ጋር እያስተያዩ ወደ ፊት መሄድ ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ ጀምሮ በመካከል ላይ ለመገናኘት የሚሞክር ሰው ርዝመቱ አይስማማለትም። ኩርባው ከቱቦው ውፍረት ሦስት እጥፍ ባነሰ ራዲየስ አይጠበብ፤ ለ4.75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቱቦ ማጉበጫ ከሌለ ክብ የሆነ እንጨት ወይም ቧንቧ ላይ ጠምጥሞ በአውራ ጣት ቀስ እያሉ መጫን ይቻላል። በዳዶው አጠገብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይቅር፤ አለዚያ ዳዶው ወደ ኋላ አይንሸራተትም። ቱቦው አንድ ጊዜ ከተሰበረና ጎኑ ከተጨፈለቀ በመዶሻ ማቃናት የለም፤ ይጣላል። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ይጣላል።

አሁን በአርእስቱ ላይ ወዳነሣሁት ጥያቄ ደረስሁ። ቀጥ ያለ መንገድ አጭር ሆኖ ሳለ ቱቦው ለምን ይዞራል? አንደኛ፣ ሻንሲው በጎድጓዳ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ ሞተሩም ያንቀጠቅጠዋል። ከሁለት ዳዶ መካከል እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ቱቦ ያን ሁሉ ንቅናቄ የሚቀበለው በጫፎቹ ላይ ነው፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ኩርባ ያለው ግን እንደ ሞላ ይተነፍሳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች በማስተሩ አጠገብ ቱቦውን አንድ ሁለት ዙር ጠቅልለው የሚተዉት ለዚህ ነው፤ ይህን አይቶ ትርፍ ነው ብሎ የሚቆርጥ ጠጋኝ የተሠራውን ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ ቱቦው ከማርሚታው ሙቀት መራቅ አለበት፤ የሚፈላው ፈሳሽ የት እንደሚያደርስ ከላይ ተናግሬአለሁ። ሦስተኛ፣ በሻንሲው ውስጠኛ ጎን ተሸሽጎ፣ ከሁሉ ዝቅ ካለው ብረት ከፍ ብሎ ይሂድ፤ ድንጋዩ ሻንሲውን ይምታ እንጂ ቱቦውን አያግኘው።

በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ያህል በመያዣ ይያዝ፤ በላሜራ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በቀዳዳው ላይ ጎሚኒ ይግባ፤ ብረት ብረትን ሲፈትግ ከርሞ ይበሳዋልና። ጎማው የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ሲደርስ የብረቱ ሥራ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የጎማ ቱቦ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙረው፣ መኪናውንም በክሪክ አንሥተውና አውርደው፣ የጎማ ቱቦው የሚነካውና የሚወጠርበት እንደ ሌለ ይመልከቱ።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ አዲስ ዘይት ይጨመርና አየሩ ይተንፈስ፤ ከማስተሩ ከራቀው ጎማ መጀመር ነው። መሪዋ በግራ በሆነች ቮልስ ላይ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ በመጨረሻም የግራ ፊት ነው። የሞተር ዘይት ለጊዜው ይሁን ብሎ የሚጨምር ሰው ቢያዩ እጁን ይያዙት፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ከዚያ በየመገናኛው ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፈው፣ ጓደኛዎ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ሁለት ደቂቃ ያህል ይያዘው። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ከታየች ዳዶውን ጥቂት ማጥበቅ፣ እንቢ ካለም ፈቶ አፉን መመርመር ነው። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ደጋግመው ያቁሟት፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ወረቀቱን እንደ ገና አንጥፈው ያሳድሩት።